በሰው አገር ዘር ስንቆጥር

“ከየት መጣሁ?” የሚለው ጥያቄ ቀለምና ቋንቋ አይለይም፤ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። የሚለያየው መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ነው። እኔ በተወለድኩበት በጎጃም ዘር የሚቆጠረው በአፍ ነው። ልጁን ሊድር የተነሳ ሰው እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ካልቻለ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል። እንግሊዞች ግን ወደ ወረቀት ነው የሚሄዱት። በዚህች ጽሑፍ፣ አንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት የቤተሰባቸውን ታሪክ ሲፈልጉ አጠገባቸው ሆኜ ያየሁትንና የተማርኩትን ለክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ላካፍል እወዳለሁ። ከአያቶቼና ከወላጆቼ ነገር በስተቀር፣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2022 መጨረሻ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ኖርዊች ሄድኩ። ኖርዊች በምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኝ የኖርፎክ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። አውራጃው ሜዳማ የእርሻ አገር ሲሆን፣ ከመካከለኛው ዘመን የቆዩ ከ600 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉት። የብዙዎቹ ግንብ ባልጩት ነው፤ የአንዳንዶቹ ማማ ደግሞ እንደ ጎተራ ክብ ነው። እርሻ መሀል ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ሁለት ሦስት ማማ አያጣም። እያንዳንዱ ማማ አንድ ሰበካ ነው። ሰበካ ስል እኛ እንደምናውቀው የቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በድሮው የእንግሊዝ ገጠር ሰበካ ማለት ቀበሌም ጭምር ነበር። መዋጮ ይሰበስባል፣ መንገድ ያስጠግናል፣ ድሃ ይረዳል፣ የኔ አይደለም ያለውን ድሃ ደግሞ ያባርራል።

አከራዬ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የታሪክ ተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። “እንግዲያው እግዜር ነው የላከሽ” አሉኝ። ታላቅ ወንድማቸው ስለ ቤተሰቡ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ለልጅ ልጆቻቸው ሊሰጡ ተነስተዋል። የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ የሚሰፍረው፣ በቤተሰቡ ውስጥ ሲነገር የኖረ ወሬ ነው፤ የአያታቸው አያት የአንድ ትልቅ ባለመሬት ልጅ ነበሩ፣ እናታቸው ድሃ ስለነበረች አባትየው ካዷቸው የሚል። ወንድምየው ሳሎናቸው ውስጥ በቤተሰቡ ስም የተሠራ ጋሻና አንበሳ ያለበት አርማ ሰቅለዋል፤ ከገበያ የገዙት ነው። አከራዬ ግን በነርስነት ዘመናቸው ሁሉ ካርድ ሳያዩ መድኃኒት ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። “ልጆቹ ያነቡታል፤ ያመኑትም ይቀራል። ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ መዝገቡን እንየው” አሉ። የአርማውን ነገር ለማጣራት ጊዜ አልፈጀብንም፤ እንግሊዝ አገር አርማ የሚሰጠው ለግለሰብና ለተወላጆቹ እንጂ ተመሳሳይ ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። የሰውየው ነገር ግን ክረምቱን በሙሉ ወሰደብን።

መቼም የእንግሊዝ የሰበካ መዝገብ ለታሪክ ተማሪ የሚያስቀና ነገር ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባወጣው ትእዛዝ፣ እያንዳንዱ የሰበካ ቄስ ክርስትናውን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን በመጽሐፍ እንዲመዘግብ ተገደደ። መጽሐፉም ተቆልፎ በሳጥን እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሕዝቡ አዲስ ግብር ሊጥሉብን ነው ብሎ እንደሰጋ ይነገራል፤ ይህ እኛም የምናውቀው ስጋት ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በ1598፣ የቀድሞው የወረቀት መዝገብ ወደ ብራና እንዲገለበጥ፣ ከዚያ ወዲያም በየዓመቱ አንድ ግልባጭ ለጳጳሱ እንዲላክ ተደነገገ። ይህ ግልባጭ ስንት ሰው አድኗል! ዋናው መዝገብ እርጥበት ሲበላው ወይም አይጥ ሲቀረጥፈው የጳጳሱ ቅጂ ይደርሳል። እኛም አንድ የደበዘዘ ገጽ ያነበብነው በዚያ ነው።

የአከራዬ አገር መዝገብ ያለው ኖርዊች በሚገኘው የኖርፎክ ቤተ መዛግብት ነው። ይህ ቤት ራሱ ታሪክ አለው። በ1994 የከተማው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል መዛግብቱ በምድር ቤቱ ውስጥ ስለነበሩ ከእሳቱ ተረፉ፤ በ2003 ደግሞ አሁን ወዳሉበት አዲስ ሕንፃ ገቡ። ሲገባ ቦርሳ ይቆለፍበታል፤ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። አከራዬ ሦስት እርሳስ ቀርጸው ይዘው ነበር የመጡት።

ዘዴው ከታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ መሄድ ነው። ዘሎ ባለመሬቱ ላይ ፊጥ ማለት የለም። ከ1837 ሐምሌ ወዲህ መንግሥት ራሱ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይመዘግባል፤ የጋብቻው ምስክር ወረቀት የሙሽሮቹን አባቶች ስምና ሥራ ይጠይቃል። በየ10 ዓመቱ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ አለ። የ1911ዱን ቆጠራ የቤቱ አባወራ በገዛ እጁ ነው የሞላው፤ ያገባች ሴት ስንት እንደወለደች፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ እንደሞተ ይናገራል። የአከራዬ ቅድመ አያት መስመር ላይ 9 ወለደች፣ 5 አሉ፣ 4 ሞቱ ይላል። አከራዬ እዚህ ላይ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ስለነዚያ 4 ልጆች ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ወደ ኋላ ስንሄድ የ1851ዱ ቆጠራ የአያታቸውን አያት ዴርሃም ከምትባለው ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር ውስጥ፣ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ሆነው አገኘናቸው። ይህ ቆጠራ የትውልድ ሰበካን ስለሚጠይቅ የሚቀጥለውን በር ከፈተልን። ከዚያ የጋብቻቸውን ወረቀት አወጣን። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ ረጅም ሰረዝ አለ። ሥራ በሚለው ላይም ሰረዝ አለ። ሌላ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል፤ እኛን ስለሚያስቅ ነው። እስከ 1751 ድረስ በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚብተው በጥር አልነበረም፤ መጋቢት 25 ቀን፣ በብስራት በዓል ነበር። እኛ ብስራትን መጋቢት 29 የምናከብረው ያው ነው፤ በድሮው በዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ በታኅሣሥ 1720 ክርስትና ተነስቶ በተከታዩ የካቲት ቢሞት፣ መዝገቡ የሞተበትንም ዓመት 1720 ብሎ ይጽፋል። በ1752 አቆጣጠሩ ሲቀየር ደግሞ መስከረም 2 ያደሩ ሰዎች መስከረም 14 ነቁ። ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አሜሪካዊ በዚህ ሲማረሩ “አገሬ ዓመቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው” ብላቸው ዝም ብለው አዩኝ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከ1813 ጀምሮ የክርስትና መዝገብ የታተመ ቅጽ ሆኗል፤ የልጁ ስም፣ የወላጆች ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራ፣ የቄሱ ፊርማ። በ1820ዎቹ በተጻፈ ገጽ ላይ ልጁን አገኘነው። በወላጆች ቦታ የእናት ስም ብቻ ነው ያለው። የአባት ሥራ በሚለው ዓምድ ላይ ቄሱ “ነጠላ ሴት” ብሎ ጽፏል። ከልጁ ስም አጠገብ ደግሞ እኛ ዲቃላ የምንለው ቃል በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። አከራዬ ቃሉን ድምፅ አውጥተው አነበቡት። “ያን ቀን አንድ ሳምንት እንኳ ያልሞላው ሕፃን እኮ ነው” አሉ። ወንድማቸው በስልክ ሲሰሙ ግን ደስ አላቸው። “አላልኩም? የተከደ ልጅ ነው! አሁን የቀረው የባለመሬቱ ስም ነው” አሉ።

የቀረው ስም ያለው በሌላ ቦታ ነው። በ1601 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ሰበካ ድሃውን የሚረዳው ከነዋሪው በሚሰበስበው መዋጮ ነበር። በ1662 የወጣው ሕግ ደግሞ ሰበካው የእሱ ያልሆነን ድሃ ወደ “ሰበካው” እንዲመልስ ሥልጣን ሰጠው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ባጠቃላይ የተወለደበት ሰበካ ዕዳ ስለነበር፣ ምጥ ሳይመጣባቸው በጋሪ ተጭነው ከድንበር የተሻገሩ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ልጁ እዚያው ከተወለደም ሰበካው ዝም አይልም። እናትየዋ ሁለት ዳኞች ፊት ቀርባ፣ በመሐላ አባቱን እንድትናገር ትደረጋለች። አባትየው ይያዛል፤ ወይ ያገባታል፣ ወይ በሳምንት ይህን ያህል ይከፍላል። ይህ ሁሉ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር በሰበካው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ሳጥኑም ሦስት ቁልፍ ነበረው፣ አንዱ በቄሱ፣ ሁለቱ በሕዝቡ ተመራጮች እጅ። ይህ ወረቀት ከብዙ ሰበካዎች ጠፍቷል። የእኛው ግን ተርፎ ነበር።

ጠባቂዋ አንድ ካርቶን አምጥታ ከፊታችን አስቀመጠች። ታጥፎ የቆየ፣ ጠርዙ የጠቆረ ወረቀት ነው። ልጅቷ በአንድ እርሻ ላይ በሠራተኝነት ተቀጥራ እንደነበር፣ ልጁን የት እንደወለደች ይናገራል። የአባቱንም ስም ይናገራል። ባለመሬት አይደለም። እዚያው እርሻ ላይ የማረሻ ፈረስ የሚነዳ ወጣት ነው። ሳምንታዊው ክፍያ በሽልንግ ተቆርጧል። ከታች ሁለቱ ዳኞች በሚያምር ፊርማ ፈርመዋል። በመካከል “የእሷ ምልክት” ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ትንሽ የተንጋደደች መስቀል አለች። መጻፍ አታውቅማ። ብዕሩ አንዴ ተንሸራቶ ይመስላል፣ የመስቀሏ አንዱ እግር ረዝሟል።

አከራዬ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱን ሳያስነኩ ከመስቀሏ በላይ ይዘው “ይቺ ናት የሷ” አሉኝ። “ሌላው ሁሉ ስለሷ ሰዎች የጻፉት ነው። በእጇ የነካችው ይቺን ብቻ ነው።”

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ ወረቀት አለ፤ ግን ሁሉም መልስ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ ማን ይክፈል? ወደደችው ወይ፣ ተገዳ ነው ወይ፣ ለምን አላገባትም፣ ከወለደች በኋላ ማን ውኃ አቀበላት፣ የጠየቀ የለም። ሰበካው የፈለገው ለልጁ እንጀራ የሚከፍል ሰው ስም ብቻ ነው። ያንን አገኘ፤ ወረቀቱን አጠፈና ሳጥን ውስጥ ከተተ። እኛ ከ200 ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄ ይዘን መጥተን ከዚያው ወረቀት መልስ ስንለምን፣ የምናገኘው እሱ የሰጠንን ያህል ነው።

ይህን ሳስብ የጎጃሙ አቆጣጠራችን ትዝ አለኝ። ያ በአፍ የሚወርደው የዘር ሐረግ ለፍቅር ብቻ የተያዘ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። አለን ሆበን በ1973 ባሳተመው የአማራን የመሬት ይዞታ በሚመለከተው መጽሐፉ በጎጃም እንዳሳየው፣ ርስት የሚጠየቀው እስከ ዋናው አባት ድረስ በእናትም በአባትም በኩል ቆጥሮ በመድረስ ነበር። ያልቆጠረ ይረታል። ወንድ አያቴ አሥራ ምናምን ቤት የሚያወርዱት ለሙግት ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ ቆጠራው ጥቅም አጣ፤ አባቴ አምስት ላይ ያቆማል። እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። እኛ ጋ የሚቆጠረው ርስት ያለው ነው፤ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ርስት የሌለውን ማንም እስከ ዋና አባት አያደርሰውም። የእንግሊዙ ሰበካ ደግሞ መሬት የሌላትን የቤት ሠራተኛ ገጽ ሙሉ ጻፈላት፤ ያውም አክብሯት አይደለም፣ እንዳታስወጣው ፈርቷት ነው። ሁለቱም ቦታ ዘር የሚቆጥረው ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ቆጠራውም ያቆማል።

የሴትየዋን መጨረሻ አከራዬ ሳያውቁ መተው አልፈለጉም። በ1851ዱ ቆጠራ ላይ፣ ልጅዋ ሚስት አግብቶ ጎጆ ይዞ ሳለ፣ እሷ ግሬሰንሆል በሚባለው የድሆች ማቆያ ውስጥ ተመዝግባ አገኘናት። ያላገባች፣ ተረጂ፣ የቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ ይላል። በ1834 የድሆች ሕግ ከተቀየረ በኋላ በየቤቱ ይሰጥ የነበረው እርዳታ እንዲቀንስና ችግረኛው ወደነዚህ ቤቶች እንዲገባ ተደርጎ ነበር፤ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለይተው ነበር የሚኖሩት። ግሬሰንሆል ዛሬ ሙዚየም ነው። አንድ ቅዳሜ በአከራዬ መኪና ሄድን። በ1770ዎቹ የተሠራ ረጅም የቀይ ጡብ ሕንፃ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የመኳንንት ቤት ይመስላል። እዚህ ቤት ሳይጋቡ የወለዱ ሴቶች እስከ 1866 ድረስ ከሌላው ተለይተው የሚታወቁበት ጃኬት ይለብሱ እንደነበር እዚያ ተማርን። አከራዬ ከግቢው ወጥተው መኪና ውስጥ ገቡና፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቆዩ። “አርባ ዓመት ነርስ ሆኜ ሳይጋቡ የወለዱ ስንት ልጆች አዋልጃለሁ። አንዷን እንኳ በክፉ ዓይን አላየሁም። ይህን ባውቅ ኖሮ ደግሞ...” ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም።

የሞት መዝገቧ አጭር ነው፤ ስም፣ መኖሪያ፣ ቀን፣ ዕድሜ። መቃብሯ ላይ ድንጋይ የለም። የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ በድንጋይ የተሞላ ስለሆነ እዚያ ያለው የሁሉም ሰው ይመስላል፤ ድንጋዩ የአቅም ጉዳይ ነው፤ የድሃው መቃብር ሣር ነው።

ወንድምየውስ? አከራዬ የወረቀቱን ፎቶ ላኩላቸው። ሁለት ሳምንት ያህል አልደወሉም። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሰማንያ ዓመት የባለመሬት የልጅ ልጅ ሆኖ የኖረ ሰው ባንድ ጠዋት የፈረስ ነጂ ዘር ሲሆን ቀላል አይሆንም። “መጽሐፉን ልተወው” ብለውም ነበር። በመጨረሻ ደውለው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የሴትየዋን ስም ቄሱ በሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ፊደል ስለጻፈው፣ የትኛውን ላትም? አከራዬ ሲመልሱ “እሷ መጻፍ አትችልም ነበር፤ የፈለግከውን ምረጥ። መስቀሏን ግን አትማት” አሏቸው። ታተመች። የጋሻውና የአንበሳው አርማም ከሳሎኑ አልወረደም፤ “ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል” አሉ አሉ።

እንግዲህ ለክፍላችን ተማሪዎች የምለው ይህን ነው። ማስታወሻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የአያት ቃል ስንይዝ “ምን ይላል?” ከማለታችን በፊት “ማን ጠየቀው? ለምን ጉዳይ?” እንበል። መልሱ የተጻፈው ለጠያቂው ነው። ከዚያ በኋላ ነው፣ ጠያቂው ሳያስበው ወረቀቱ ላይ የቀረውን ነገር፣ እንደዚያች የተንጋደደች መስቀል ያለውን፣ መፈለግ የሚጀመረው።

እኔም ካገሬ ከገባሁ በኋላ ሴት አያቴ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የቤተሰባችንን ሐረግ አስቀድመው ለሙግቱ የቆጠሩት ስላለ እሱን አልጠየቅኳቸውም። ያኔ መንደሩ ውስጥ ርስት ሳይኖራቸው የኖሩት እነማን ነበሩ፣ ሸክላውን ማን ይሠራ ነበር፣ ልጆቿስ ወዴት ሄዱ ብዬ ነው የጠየቅኳቸው። መጀመሪያ “እነሱን ደሞ ማን ይቆጥራል?” ብለው ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይተው ግን አንድ ስም ጠሩ፤ ቀጥለውም ሌላ። እስካሁን 11 ደርሰናል። የቀረውን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ በሚቀጥለው እትም አቀርባለሁ።